በዓል የሚያከብር ባትሪ

በገነተ ማርያም ሰፈር እኔ ዶክተር ነኝ፤ የሚያክም ዶክተር። ማዕረጌ የሕክምና አለመሆኑን ለማስረዳት ብዙ ደክሜ ትቼዋለሁ። ለበዓል ስመጣ ጉልበቱን የሚያመው ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ዓይኗን የሚቆጠቁጣት ሻሿን ገለጥ አድርጋ በራፋችን ላይ ይጠብቁኛል። እኔም ሁሉንም በጥሞና አይና፣ "ላሊበላ ሆስፒታል ሂዱ" እላለሁ። እግዜር ይመስገን፣ በዚህ ምክሬ እስካሁን የተጎዳ ሰው የለም። የምታፍረው እናቴ ናት። "ኧረ ተዉዋት እናንተ ሰዎች! እሷ የባትሪ ዶክተር ናት" ትላቸዋለች፣ ልጇ ለሰው ሐኪምነት ሳትበቃ የቀረች ይመስል።

እውነቷን ነው። ሙያዬ ኤሌክትሮኬሚስትሪ ይባላል። ኤሌክትሪክን በኬሚካል መልክ አስቀምጦ፣ ሲፈለግ መልሶ ኤሌክትሪክ አድርጎ ማውጣት ነው ነገሩ። ይህንኑ ሳስተምርና ስመራመር አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ምድር ቤት፣ መስኮት በሌላት ላቦራቶሪ ፀጉሬ ሸብቷል። የምንሠራቸው የሙከራ ባትሪዎች ሳንቲም የሚያክሉ ናቸው። እናቴ አንድ ጊዜ ልትጠይቀኝ መጥታ ላቦራቶሪውን ሳሳያት፣ አንዷን መዳፏ ላይ አድርጋ ገለባበጠቻት።

"ይችን ነው ዕድሜሽን ሙሉ ስትሠሪ የኖርሽው?"

"አዎ እማዬ።"

"ምን ታበራለች?"

"ምንም አታበራም። ለሙከራ ናት።"

"ታዲያ ሙከራው መቼ ነው የሚያልቅ?"

ተማሪዎቼ በሳቅ ፈረሱ። እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ ተናድጄ ሰነበትኩ። እንዲህ ያለውን ጥያቄ የገንዘብ ድጋፍ የሚሰጡን ሰዎች እንኳ ደፍረው ጠይቀውኝ አያውቁም።

ወደዚህ ሙያ ያስገቡኝ አባቴ ናቸው፤ ሳያስቡት። የገነተ ማርያም መሪጌታ ነበሩ፤ ለማሕሌት ሲወጡ የሚይዟት ባትሪ ነበረቻቸው። ያን ጊዜ ባትሪ የምንለው የእጅ መብራቱን ነው፤ ውስጡ የሚገባውን "ድንጋይ" እንለዋለን። ድንጋይ ሲያልቅ ታዲያ አይጣልም። አባቴ አውጥተው ከደጃችን ካለው ዓለት ላይ ፀሐይ ያስሞቁታል፤ ጥቂት ቀን ካሳረፉት በኋላ ሲመልሱት፣ ደብዘዝ ብሎም ቢሆን ይበራል። የእኔ ሥራ ድንጋዩን ከፍየል መጠበቅ ነበር። ፍየሎቻችን ምን እንደሚጥማቸው አላውቅም፣ ድንጋይ ባዩ ቁጥር ካልላስን ይሉ ነበር።

ዓለት ተፈልፍሎ ቤተ ክርስቲያን በሆነበት አገር፣ ድንጋይ ፀሐይ ሞቆ ቢበራ ማንም አይገረምም። እኔ ተገረምኩ። ሞቶ የነበረው እንዴት ተነሣ ብዬ ጠየቅኋቸው። "ዐርፎ ነዋ" አሉኝና ወደ ዜማቸው ተመለሱ። ያች መልስ አላረካችኝም። ዐርፎ ምን ሆነ? ውስጡ ምን አለ? አንዱን ድንጋይ በምሳር ሰንጥቄ አየሁት፤ ጥቁር ዱቄት ልብሴ ላይ ፈሰሰና እናቴ በጨንገር ቀጣችኝ። የመጀመሪያው ምርምሬ በዚህ ተቋጨ።

ሁለተኛው ረዘም አለ። ትምህርት ቤት፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያ ውጭ አገር፤ የዶክትሬት ጽሑፌ ስለዚያው ነገር ነበር፣ ስለሚያርፍ ባትሪ። ስመለስ እናቴ፣ "ምን ተምረሽ መጣሽ?" አለችኝ፤ እንደ ፈታኝ ፊቷን ኮስተር አድርጋ። የገናን ሕዝብ አስታወስኳት። የገና ለት ላሊበላ ላይ ያ ሁሉ ምእመን በዚያ ጠባብ በር ልግባ ሲል ይጨናነቃል፤ በሩ ክፍት ነው፣ ሰውም አለ፣ ግን ማንም አያልፍም። ግፊያው ጋብ ሲል ግን አንድ አንዱ እያለ ይገባል። ባትሪ ውስጥ ያሉት ቅንጣቶችም እንደዚያው ናቸው፣ ፋታ ካላገኙ በር ላይ ይተፋፈናሉ፤ አለቀ እንላለን እንጂ አላለቀም አልኳት።

"እንግዲያ መድኃኒቱ ማረፍ ነው" አለች።

"አዎ እማዬ። ማረፍ ነው።"

ይህን ስላት በጣም ኮርቼ ነበር። የዓመታት ድካሜን በአንድ ምሳሌ ማስረዳት መቻሌ፣ አስተማሪ መሆኔን አረጋገጠልኝ። እንዲህ አድርጌ ማስረዳቴ በኋላ ምን እንደሚያመጣብኝ አላወቅሁም።

አባቴ ካረፉ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እናቴ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያኑ ዳገት አስቸገራት፤ ቀጥሎ ከጓዳ እስከ ደጅ ያለችው መንገድ። ላሊበላ ወስደን አስመረመርናት። ዕድሜ ልኳን የሳበችው የኩበትና የጭራሮ ጭስ ሳንባዋን ጎድቶታል፣ አገሩ ደግሞ ከፍታ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉና ቀንም ጥቂት ሰዓት ኦክስጅን ማግኘት አለባት አለን ሐኪሙ። አዲስ አበባ እንሂድ አልኳት። "አባትሽን ለማን ጥየ?" አለች። አባቴ እዚያው ቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ነው የተቀበሩት፤ ከቤታችን ደጃፍ ይታያሉ። ክርክሩ በዚህ አበቃ።

ስለዚህ ማሽን ገዛንላት። ከአየር ላይ ኦክስጅን እየለየ በቀጭን ቱቦ አፍንጫ ድረስ የሚያደርስ ነው። ደህና ማሽን ነው፤ ግን ያለ ኤሌክትሪክ ጌጥ ነው። የእኛ አገር መብራት ደግሞ እንግዳ ነው፣ ሲመጣ እልል ይባልለታል፣ መሄጃውን አይናገርም። አንዴማ ጭራሽ ጠፍቶ፣ ስልኩም መንገዱም ተዘግቶ የከረመበት ጊዜ ነበር። ያን ሰሞን እናቴ በሕይወት ትኑር አትኑር የማውቅበት መንገድ እንኳ አልነበረኝም። አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ ለተማሪዎቼ ስለ ኃይል ክምችት አስተምራለሁ። ሰሌዳው ላይ እየጻፍኩ በራሴ አፍር ነበር፤ ኤሌክትሪክ ማጠራቀም ሥራዬ ሆኖ ለእናቴ ትንፋሽ የሚበቃ ማጠራቀም አልቻልኩም።

መንገዱ ሲከፈትና እናቴ ከስታ፣ ግን ሳቋ ሳይጎድል ስትቀበለኝ፣ ለራሴ አንድ ነገር ማልኩ። የሳንቲሙ ነገር ይብቃ። ከሙከራ የሚያልፍ አንድ ባትሪ እሠራለሁ፣ እሱም እናቴ ቤት ይቀመጣል፣ እሷም ትንፋሽ አያጥራትም። ገበያ ላይ ያለውን ገዝተሽ አታስገቢም ወይ ያሉኝ ነበሩ። ገዝቼም አውቃለሁ፤ ሁለት ክረምት ሳይዘልቅ አበጠ።

የኛ ባትሪ የተሠራው ከሶዲየም ነው፤ ሶዲየም ደግሞ የምግብ ጨው ውስጥ ያለው ነው። በውጭ አገር ብርቅ ማዕድን የሚሠራውን እኛ ባገራችን ጨው እንሥራው የሚል የብዙ ጊዜ ሐሳቤ ነበር። እናቴ ይህን ስትሰማ፣ "ጨው ከሆነማ ቢበላሽም ለወጥ ይሆነናል" አለች። ሁለት ሠራን፤ መንታ ናቸው፣ በአንድ ቀን የተገጣጠሙ፣ በመልክም በመጠንም አንድ። አንዱ ላቦራቶሪ ቀርቶ ያለ ፋታ እየተሞላና እየፈሰሰ ይፈተናል፣ ሌላው እናቴ ቤት ገብቶ ይሠራል። እናቴ ዘንድ የሄደው ከጸና፣ እንደ ብልባላ ላሉ፣ ዋናው መስመር ላልደረሰላቸው ቦታዎችም እንሠራለን ብለን ተስማማን። ለእኔ ግን ብልባላ ቆይታ ነው የምትታየኝ፤ ፊቴ የነበረው የእናቴ ትንፋሽ ነው።

ባትሪው ከአዲስ አበባ በአይሱዙ ተጭኖ፣ በኩልመስክ በኩል ዞሮ መጣ። መኪናው ቆሞ ከቀረበት እስከ ቤታችን ያለው ጠባብ መንገድ ስለሆነ፣ አራት ጎልማሶች በቃሬዛ ተሸከሙት፤ እንዳይነካካም ጋቢ አለበስነው። ከወፍጮ የምትመለስ አንዲት ሴት ቃሬዛውን አይታ እህሏን መሬት ላይ ጣለች።

"እኔን! ማነው የታመመ?"

"ባትሪ ነው" አላት አንዱ።

"እግዜር ይማረው" አለችና አማተበች። ስሙን እንጂ ምንነቱን ለመስማት አልቆመችም።

ጣሪያው ላይ ሶላር ተሰቀለ፤ ባትሪው ከእናቴ አልጋ ራስጌ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። አሠራሩ ቀላል ነው። ቀን ፀሐይ ይሞላዋል፣ ማሽኑን እሱ ያስነሣዋል፤ ከዋናው መስመር መብራት ከመጣ ማሽኑ ከዚያ ይጠቀማል፣ ባትሪው ዝም ብሎ ይቀመጣል። ውስጡ ሲም ካርድ አለ፤ ኔትወርክ ባለ ጊዜ ያለበትን ሁኔታ ስልኬ ላይ በመስመር እየሣለ ይልክልኛል። ከፀሐይ ሲሞላ መስመሩ ይወጣል። እናቴ ስትተነፍስበት ይወርዳል። ወጣ፣ ወረደ፣ ወጣ፣ ወረደ፤ ይኸው ነው። ጠዋት ስነሣ ከጸሎት ቀድሜ እሱን አያለሁ፤ ይህንን እናቴ እንዳታነብ ተስፋ አለኝ።

ወራት አለፉ። መንታዎቹ ይለያዩ ጀመር። የላቦራቶሪው እያደር አቅሙ ይቀንሳል፤ የእናቴ ግን ወይ ፍንክች! ያልጠበቅነው ነገር ነው። ከላቦራቶሪ ውጪ ያለው ባትሪ፣ አቧራ የሚጠጣው፣ ድመት የምትተኛበት፣ በተቆጣጠርነው ሙቀት ውስጥ ከሚቀማጠለው እንዴት ይበልጣል? መስመሩን አፍጥጬ አየሁት። አልፎ አልፎ ሳይወርድ ዝም ብሎ ጠፍጠፍ ብሎ የሚውልበት ቀን አለ። በእነዚያ ቀናት መብራት መጥቶ ነው አልኩና የአካባቢውን መብራት መረቅሁት። የተቀረውን ለላስታ ቅዝቃዜ ሰጠሁ። ደጋው ቀዝቃዛ ነው፣ ሶዲየም በቅዝቃዜ ረጋ ይላል፣ ስለዚህ ይቆያል። እንዴት ያለች ውብ ሐሳብ ናት! ለባልደረቦቼ በሥዕል አስደግፌ አቀረብኩላቸው። አንዱ፣ "እርግጠኛ ነሽ? ከአየሩ በቀር የተለየ ነገር የለም?" ብሎ ጠየቀኝ። የተወለድኩበትን አገር አየር ለማያውቅ ሰው በአስተማሪ ትዕግሥት ፈገግ አልኩለት።

ያን ለት እናቴ ጋ ደወልኩ።

"እማዬ፣ ባትሪሽ እኮ በለጠው!"

"ማንን?"

"የኛን! ላቦራቶሪ ያለውን! እኛ እያሞላቀቅነው ደክሟል፤ ያንቺው ምንም አልሆነም!"

"በለጠው በይኛ!"

"በለጠው! በዚሁ ከዘለቀ ማንም አፉን አይከፍትብኝም።"

"እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!" አለች፤ ሳቀች፤ ሳቁ ሳል ሆነባትና ስልኩን ለጎረቤት ሰጠችው። ከዚያ ወዲህ ጠፍጣፋዎቹ ቀናት በዙ። "መብራት ተሻሻለ እንዴ?" ብዬ ስጠይቃት፣ "ይመጣል፣ ይሄዳል" ትለኛለች። ውሸት አልተናገረችም፤ መብራትማ ይመጣል፣ ይሄዳል።

ጽሑፉን ለማሳተም ስዘጋጅ የባትሪው ፎቶ አስፈለገኝ። እግረ መንገዴን እናቴን ላስደንግጣት ብዬ ሳልናገር በአውሮፕላን ላሊበላ ወርጄ፣ በሚኒባስ ገነተ ማርያም ገባሁ። ረፋድ ነበር። እናቴ ደጃፍ መደቡ ላይ፣ ፀሐይ ውስጥ፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ተክላ ተቀምጣለች። የተመረጠ ነጭ ልብሷን ለብሳለች። ከንፈሯ ግን ጠይም አልነበረም፣ ወደ ሰማያዊነት ሄዷል። አፏን ከፍታ በትንሽ በትንሹ ነበር የምትስበው። ልትነሣ ሞክራ መልሳ ተቀመጠች።

ዘልዬ ቤት ገባሁ። ማሽኑ ጠፍቷል። ባትሪው በታጠበ ነጠላ ተሸፍኗል፤ ሙሉ ነው፣ መቶ በመቶ፣ ንክች አላለም።

"እማዬ! ምን ሆኖ ነው? ተበላሸ?"

"ኧረ ምንም አልሆነም።"

"ታዲያ ለምን ጠፋ?"

ጥያቄዬ እናቴን ገረማት። "ዛሬ ማርያም አይደለች እንዴ ልጀ?" አለችኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ቀስ እያለ ነው የገባኝ። በእኛ አገር በበዓል ቀን ሞፈር አይነሣም፣ በሬ አይጠመድም፣ አህያ አይጫንም። ይህንን የመሪጌታ ልጅ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ስልኬን አወጣሁና ጠፍጣፋዎቹን ቀናት አንድ በአንድ ወደ እኛ አቆጣጠር መለስኳቸው። ሚካኤል። ማርያም። ጊዮርጊስ። መድኃኔ ዓለም። እንደገና ሚካኤል። መስመሩን ወራት ሙሉ በፈረንጅ ቀን አፍጥጬበት ነበርና የላስታን ቅዝቃዜ አየሁ እንጂ በአጥንቴ የማውቀውን የወር በዓል አላየሁም።

ማሽኑን አስነሥቼ ቱቦውን እስከ መደቡ ጎትቼ አፍንጫዋ ላይ አደረግሁ። ከዚያ ጮኽኩ። ቁጡ ነኝ፤ ስፈራ ደግሞ ይብስብኛል። ባትሪ በሬ አይደለም፣ ብረትና ጨው ነው፣ ነፍስ የለውም፣ አይጸድቅም፣ አይኮነንም እያልኩ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ተንጎራደድኩ። እናቴ ቱቦዋን እንዳደረገች በትዕግሥት ጠበቀችኝ። "ሰው ይሰማሻል፤ ዶክተር ናት ይሉሻል እኮ" አለችኝ።

በዚህ መሃል የንስሐ አባታችን ከቅዳሴ ወጥተው ቤቱን ሊባርኩ ገቡ። በዕድሜ ከእናቴ የሚያንሱ ቄስ ናቸው፤ እሷ ግን ከመደቡ ልትነሣ ስትል በእጃቸው መለሷት። እኔ መስቀል እንኳ በወጉ ሳልሳለም ከሰስኳት።

"አባ፣ ይፍረዱን። ይህ ማሽን የምትተነፍስበት ነው። በዓል ነው ብላ ታጠፋዋለች።"

አባ ማሽኑን አዩት፣ ባትሪውን አዩት፣ ነጠላውን አነሣ አድርገው ሥሩንም አዩ።

"የሚሰጣት አየር ነው?"

"አዎ አባ።"

"አየርስ ሥራ አይደለም። እግዜር በበዓልም ይሰጣል፤ ከልክሎን አያውቅም። ልጀ" አሉ ወደ እናቴ ዞረው፣ "ለበሽተኛ ጾም እንኳ ይፈታለት የለም?"

"ይፍቱኝ አባ። እኔማ መተንፈሱን መች ተውኩት? በልኬ እተነፍሳለሁ። ያሳረፍኩት እሱን ነው።"

"ከዛሬ ወዲያ እንዳታሳርፊው።"

"እሺ አባ" አለች፤ መስቀሉን ተሳለመች። እኔ እናቴን አውቃታለሁ። "እሺ አባ" ስትል ድምፅዋ ቀጥ ካለ ነገሩን አልተቀበለችውም ማለት ነው። አባ ቤቱን ባርከው፣ ጠላቸውን ቀምሰው ሲወጡ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"እማዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። በዓል ብቻ ነው?"

ቱቦውን በጣቷ አስተካከለች። ፊቷ ላይ ደም እየተመለሰ ነበር።

"መጀመሪያ ለበዓሉ ነበር። በሬውም አህያውም ሲያርፍ እሱን ብቻ ለይቸ ለምን አሠራዋለሁ አልኩ። ደግሞስ አንቺው አይደለሽም ያልሽኝ? መድኃኒቱ ማረፍ ነው አላልሽም? የአባትሽስ ድንጋይ ዐርፎ አልነበር የሚነሣ?"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ስልክ ደወልሽ።"

"ምን አልኩ?"

"በለጠው አልሽ። ደስ ሲልሽ ሰማሁ። ከተወለድሽ እንዲያ ሁነሽ ስትስቂ ሰምቸሽ አላውቅም። እንግዲህ ሲያርፍ ነው የበለጠ ብየ፣ ቀድሞ ሁለቱን በዓል ብቻ ነበር፤ ሌሎቹንም ጨመርኩልሽ።" ቀጥሎም ይቅርታ እንደምትጠይቅ ሁሉ፣ "ሰንበትንም ልጨምርልሽ አስቤ ነበር። ትንፋሹ እምቢ አለኝ" አለች።

አለቀስኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ደጃፍ ላይ፣ ጉልበታቸውን ሊያሳዩኝ የመጡ ሰዎች እያዩኝ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ለባልደረቦቼ በኩራት ያሳየሁት ያ የማይናወጥ መስመር የእናቴ ትንፋሽ ነበር፤ ትንፋሿን ቆንጥራ ለልጇ ሥራ ያዋጣችው። እሷ ጀርባዬን መታ መታ እያደረገች፣ "ምነው? በልጦ የለም እንዴ?" ትለኛለች። "በልጧል እማዬ" አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

የላስታ ቅዝቃዜ ጽሑፍ ሳይታተም ሞተ። ለባልደረቦቼ ነገሩን እንዳለ ነገርኳቸው፤ ያ የጠየቀኝ ሰውዬ በጨዋነት አልሳቀም፣ በኋላ ግን ኮሪደር ላይ ሳቁን ሰማሁት። ተማሪዎቼ አሁን የሚያርፍን የሶዲየም ባትሪ በወጉ እያጠኑ ነው። እኔም ከዚህ ሁሉ ዞሬ የአባቴ ዓለት ላይ ደረስኩ፤ ዐርፎ ምን ሆነ?

እናቴን ግን በሳይንስ ማሸነፍ እንደማልችል ገብቶኛል። "አጥፊው" ካልኩ "እሺ" ትላለች፣ "አብሪው" ካልኩም "እሺ" ትላለች፣ ስሄድ የምታደርገውን ታደርጋለች። ለባትሪው ታዝንለታለች፤ በዚህ ላይ የልጇ ነው። ስለዚህ የላቦራቶሪውን መንታ ከማሰሪያው ፈታሁትና በዚያው በኩልመስክ መንገድ፣ በዚያው ቃሬዛ አመጣሁላት።

"ይኸ ነው የተበለጠው?" አለች፣ ዞር ዞር ብላ እያየችው።

"እሱ ነው።"

"አንድም ቀን አላሳረፋችሁትም?"

"አንድም ቀን።"

"ሚካኤልንም?"

"ሚካኤልንም እማዬ።"

"ምነው እናንተ ሰዎች! ግፍ አትፈሩም?" ብላ ነጠላውን ከደህናው ላይ አንሥታ ለሱ አለበሰችው።

አሁን ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ መሃላቸው መቀያየሪያ አለ። በዓል ሲሆን አንዱ ያርፋል፣ ሌላው ያገለግላል፤ በሚቀጥለው በዓል ደግሞ ይለዋወጣሉ። ማርያምን ያከበረው ጊዮርጊስን ይሠራል። የሚሠራው ለበሽተኛ ስለሚያገለግል ኃጢአት እንደሌለበት አባ አረጋግጠውላታል። እናቴ "ጥማዶቼ" ትላቸዋለች። የላቦራቶሪው ካረፈ ወዲህ ጥቂት አገግሟል፤ ይህን ለማንም ባልደረባዬ ገና አልተናገርኩም፣ አንድ ጊዜ ተቃጥያለሁና።

ባለፈው ሚካኤል ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ከውጭ የመጡ እንግዶች ሰሌዳው ላይ የራሳቸውን ባትሪ መስመር እያሳዩን ነበር፤ ከዳር እስከ ዳር ሳይወርድ የሚሄድ፣ ጠፍጣፋ፣ የሚያስቀና መስመር። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም እጄን አነሣሁ፤ ግን ልቤ አላረፈም። ስልኬን ከጠረጴዛው ሥር አድርጌ ከፈትኩት። አንደኛው መስመር ጠፍጣፋ ሆኖ በዓል ያከብራል። ሁለተኛውን ፈለግሁት።

ዕድሜዬን ሙሉ መስመር እንዳይወርድ ስለፋ ኖሬያለሁ። ያን ለት ግን መውረዱን እስካይ ድረስ የራሴን ትንፋሽ ይዤ ነበር። ኔትወርኩ ቆየ፤ መጣ፤ መስመሩ ትንሽ ዝቅ አለ፣ ቀጥሎም ትንሽ፣ ቀጥሎም ትንሽ። እናቴ እየተነፈሰች ነው። እኔም ተነፈስኩ።